አባቷ የሣለው ክብ

አባቷን ስትሮክ ግማሽ ጎኑን ከመታው ወዲህ ምላሱ ላይ የቀረችው አንዲት ቃል ብቻ ናት፤ «እሺ»። ሲርበው እሺ፣ ሲቆጣ እሺ፣ ትራሱ ሲቆረቁረውም እሺ። ሐኪሙ «የምትሉት ሁሉ ይገባዋል፤ የተዘጋው ሐሳቡ ወደ አፉ የሚመጣበት መንገድ ነው» ብሎ አስረድቷቸዋል። ራሱን መነቅነቅና መወዝወዝ እንኳ ተቀላቅሎበታል፤ አዎን ለማለት ይወዘውዛል፣ እምቢ ለማለት ይነቀንቃል፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ በተቃራኒው። ጎረቤታቸው ይህን ሳያውቅ መጥቶ «መሰላሉን ልውሰደው?» ሲል «እሺ» ተባለና መሰላሉ እንደወጣ ቀረ። እናቷ ይህን ለጠያቂ ሁሉ እያወራች ታስቃለች። አባቷም በግማሽ ፊቱ አብሮ ይስቃል።

ሳይታመም በፊት የአንድ ትልቅ ሆስፒታል ሰርቨሮች ጠባቂ ነበር። የበሽተኞች ታሪክ፣ የደም ውጤትና የራጅ ፎቶ የሚቀመጥባቸው ማሽኖች ምድር ቤት ውስጥ፣ ብርዱ አጥንት በሚሰብር ክፍል ተደርድረዋል። እሱ አልጋ ላይ ሲውል ሥራውን የተረከበችው ልጁ ናት። ሙያውን ከእግሩ ሥር ሆና ነው የተማረችው። ይሁን እንጂ ያስተማራት የጠየቀችውን ነው፤ ለመጠየቅ ያላሰበችው ሁሉ እሱው ጋ ቀርቷል።

አንድ ጠዋት ኃላፊዋ አስጠርቶ አዲስ ሶፍትዌር መገዛቱን ነገራት። ሰርቨሮቹን ሁሉ ከአንድ ስክሪን ይቆጣጠራል፤ ራሱ ያድሳቸዋል፣ ራሱ አጥፍቶ ያስነሳቸዋል።

«ከእንግዲህ ምድር ቤት እየወረድሽ ብርድ አይመታሽም» አላት።

«መጀመሪያ ልፈትነው።»

«ፈትኚው እንጂ! ዋናዎቹን ማሽኖች ግን እንዳትነኪብኝ።»

ላፕቶፗ ላይ ኤሙሌተር ጫነች። ኤሙሌተር ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር አስመስሎ የሚያቆም ፕሮግራም ነው፤ ማሽኑ በአካል የለም፣ ሶፍትዌሩ ግን ያለ ይመስለዋል። ለምድር ቤቱ ሰርቨሮች አንድ በአንድ አምሳያ ሠራችላቸው። የእውነተኛ በሽተኛ መረጃ ወደ ላፕቶፕ መገልበጥ ክልክል ስለሆነ የውሸት በሽተኞች ፈጠረች፤ አንዱን አቶ ሙከራ፣ አንዷን ወይዘሮ ምሳሌ አለቻቸው። አቶ ሙከራን ኩላሊቱን አሳመመችው፤ ወይዘሮ ምሳሌን መንታ አስወለደቻት።

ከዚያ ያላደረገችው የለም። ኔትዎርኩን በጠሰች፣ በሥራ መሀል መብራት የጠፋ አስመሰለች፣ ዲስኩን እስከ አፉ ሞላችው። አምሳያዎቹ ወድቀው ይነሳሉ፤ አቶ ሙከራም ከነኩላሊቱ ይመለሳል።

እሑድ ጠዋት ላፕቶፗን ይዛ ሳሎን፣ መስኮቱ ሥር፣ አባቷ ጎን ተቀመጠች። ደስ ይበለው ብላ ነው።

«አባዬ፣ ማሽኖችህን እያቸው እስቲ።»

ዓይኑ በራ። ስክሪኑ ላይ የተደረደሩት ስሞች ራሱ ያወጣላቸው ስሞች ናቸው።

«ይቺ አሮጊቷ ናት፤ የራጅ ፎቶ የምታስቀምጠው። አሁን እንግዲህ ሶፍትዌሩ አጥፍቶ ያስነሳታል።»

ቁልፉን ስትጫን የአሮጊቷ ሳጥን ጠቆረ።

«እሺ! እሺ! እሺ!» አለ አባቷ። ደህናው እጁ የእጇን አንጓ ጨመደደው።

«አየህ? ተነሳች እኮ!»

አልለቀቃትም። ግንባሩ አላበው። «ምን ሆንክ አባዬ? ችግር አለው?» ብትለው «እሺ» አለ፤ ያቺኑ ቃል እንደ ድንጋይ ወርውሮ። እናቷ የንግግር ሐኪሟ የሰጠቻቸውን ወረቀትና እርሳስ ሮጣ አመጣች። በግራ እጁ ክብ ሣለ። በዚያው ላይ ደግሞ ሌላ ክብ፤ እየደጋገመ አዞረው፣ አዞረው፣ ወረቀቱ እስኪቀደድ። በመጨረሻ መዳፉን ጭብጥ አድርጎ ክቡ ላይ አሳረፈና ዓይን ዓይኗን አያት።

«ኳስ?» አለች እናቷ።

«ሰዓት ይሆናል» አለች ልጅቱ። «መድኃኒቱ አልፎበት እንዳይሆን።»

እውነትም የመድኃኒቱ ሰዓት ደርሶ ነበር። እናቷ ክኒኑን ከውሃ ጋር አቀረበችለት። ከንፈሩን ገጥሞ አንዴ እሷን፣ አንዴ ልጁን አየ። ከዚያ አፉን ከፍቶ ዋጠው። እንባው በደህናው ጉንጩ ወረደ።

«ሥራው ናፍቆት ነው፤ ዝጊው በይ» አለች እናቷ፣ በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገችለት።

ልጅቱ ነገሩ ከነከናት። ሰኞ ለኃላፊዋ ነገረችው። «አባቴ ሲያየው በጣም ተረበሸ።»

«ምን አሉ?»

«እሺ ነው ያለው፤ ግን...»

«እሺ ካሉማ ምን ቀረ!» ብሎ ሳቀ። ወዲያው አፈረና ጉሮሮውን ጠራረገ። «ይቅርታ። ግን ምን ላድርግልሽ?»

«የመጠባበቂያ ቅጂ የሚሠራው መሣሪያ ከተበላሸ ቆይቷል። እሱ ይቅደምና ከዚያ እንግባበት።»

«እሱማ ተጠይቋል፣ ገና አልመጣም። አንቺው ፈትነሽ አልፏል አላልሽም?»

ብላለች። አልፏልም። ምን ይዛ ትከራከር? ክብ?

ቅዳሜ ከሰዓት፣ በሽተኛ ሲቀንስ፣ ሶፍትዌሩን በዋናዎቹ ማሽኖች ላይ ለቀቀችው። የመጀመሪያው ጠፍቶ ተነሳ። ሁለተኛውም ተነሳ። አሮጊቷ ጠፋች፤ ጠፍታ ቀረች። ትንሽ ጠበቀቻት። ከዚያ ደረጃውን በሩጫ ወረደችው።

ምድር ቤቱ ውስጥ ከአሮጊቷ ሆድ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ ይሰማል። ዲስኩ ለመዞር እየሞከረ ያቅተዋል። ለዓመታት ሳያቋርጥ የዞረ አሮጌ ዲስክ ነው፤ እስከዞረ ድረስ ይሠራል፣ አንዴ ከቆመ ግን ጉልበት የለውም። አባቷ ይህን ያውቅ ኖሯል። መብራት ሲጠፋ ሁሉን ትቶ ወደ ጄኔሬተሩ የሚሮጠው ለዚህ ነበር። ኤሙሌተሩ ዲስክ ያስመስላል እንጂ እርጅና አያስመስልም። ያ ሁሉ ክብ፣ ከላዩ ያረፈው መዳፍ፣ አሁን ገባት።

ኃላፊው እያለከለከ ደረሰ። «አጥፍተሽ አብሪው!»

«አድርጌዋለሁ።»

«ድገሚው!»

ደገመችው። ጠቅ፣ ጠቅ። ከዚያ ዝም።

«ሌላ ምን ይደረጋል?» አላት፤ ድምፁ ወርዷል።

«እኔ እንጃ።»

ሁለቱም ከማሽኑ ፊት ለቀስተኛ መስለው ቆሙ። ፎቅ ላይ፣ ላፕቶፗ ውስጥ፣ የውሸቷ አሮጊት በጤና እየሠራች ነበር።

ቤት ስትገባ አባቷ ወንበሩ ላይ ነው። እግሩ ሥር ቁጢጥ አለች።

«አባዬ፣ ዲስኩ ነበር አይደል? አይቁም ማለትህ ነበር።»

እጇን ያዘ። «እሺ» አለ፣ በሹክሹክታ። እሷ ታለቅሳለች፣ እሱ ፀጉሯን ይደባብሳል፤ ሊላት የፈለገው ግን ተግሣጽ ይሁን ማጽናኛ፣ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

ዲስኩ ለባለሙያዎች ተላከ፤ ፊቱ ተፍቋል፣ የሚወጣ ነገር የለም ብለው መለሱት። የመጠባበቂያ ቅጂው መሣሪያ ዘግይቶ መጣ፤ የቆየ ቅጂ ተገኘ፣ የቅርቡ ዓመታት ግን የሉም። ማንም አልተቀጣም፣ ማንም አልተቆጣትም፤ ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ሰው ስላነሰ ለጊዜው መቀበያው መስኮት ላይ መደቧት፤ ለመጣው ሁሉ ፎቶው እንደሌለ የምትነግረው እሷ ሆነች።

አንድ ቀን ባልና ሚስት መጡ። ሐኪማቸው በሴትየዋ ሳንባ ላይ ነጥብ አይቷል፤ የድሮ ከሆነ አያሰጋም፣ አዲስ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ከበፊቱ ፎቶ ጋር ላስተያየው ብሎ ነው የላካቸው።

«የበፊቱን ራጅ እዚሁ ነው የተነሳሁት» አለች ሴትየዋ። «ያኔም አንድ ነገር አይተው አያሰጋም ብለውኝ ነበር መሰለኝ። ወይስ ለእህቴ ነው ያሉት? አሁን ጠፋብኝ።»

«እናቴ፣ ፎቶው የለም። ማሽኑ ተበላሽቶ ጠፍቷል።»

«እስቲ ፈልጊልን የኔ እህት» አላት ባልየው፣ ሁለት እጁን መስኮቱ ላይ ዘርግቶ።

እንደሌለ ታውቃለች። ዓይኑን ማየት ስላቃታት የሴትየዋን ስም ጽፋ ቁልፉን ተጫነች። ባዶ ገጽ መጣ። ደግማ ተጫነች።

«ይቅርታ አባቴ። የለም።»

ባልየው ከኋላው ወደተሰለፉት ሰዎች ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ገባኝ፣ ሥራ በዝቶብሻል። ግድ የለም፤ እንጠብቃለን» አላት። የሚስቱን ክንድ ይዞ አግዳሚው ላይ አስቀመጣት፣ ቦርሳዋን ጭኑ ላይ አድርጎ እሱም አጠገቧ ተቀመጠ።