ልክየለሽ የጣለቻት ጫጩት

ቂሜን አልደብቅም። ልክየለሽ ጎረቤቴ ናት፤ የሚለየን አንድ አጥር ነው። አምና ዶሮዋ ከፈለፈለቻቸው ጫጩቶች የአንዷ ምንቃር እንደ መቀስ ተላልፎ ወጣ። እግዜር የፈጠረውን ተቀብላ ዝም አትልም? “ፀጋነሽ በአጥር አጮልቃ አይታት ነው፤ ዓይኗ ነው ያጣመማት” ብላ ጫጩቷን ወደ ግቢዬ ወረወረቻት። አበስኩ ገበርኩ! እኔን ቡዳ!

ወሬው መንደራችንን ዘንገናን ዞሮ ሳምንት ሳይሞላው የልጄ የትዕግስት እጮኛ ከሆነው ከነጋ ቤት ገባ። እናቱ ውብአየሁ “ከቡዳ ቤት አልጋባም” ብላ ነገሩን አፈረሰችው። ልጄ አላለቀሰችም፤ ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

ጫጩቷን ያሳደግኳት አዝኜላት እንዳይመስላችሁ። አድጋ ልክየለሽ ፊት እንድትንጎራደድልኝ ነው። መሬት ላይ ያለ ጥሬ መልቀም ስለማትችል ፉርሽካ በውኃ ለውሼ በጥልቅ ጣሳ አበላኋት። ምንቃሯ ሲረዝም ጫፉን በጥፍር መቁረጫ ቆረጥኩላት። “ብይ፣ ብይና የዚያችን ሴትዮ አንጀት አሳርሪልኝ” እላታለሁ። የንስሐ አባቴ “ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት” ብለው ቢገስጹኝ፣ “አባ፣ የተዋረደችው የእርስዎ ልጅ አይደለችም” አልኳቸው።

ዘንድሮ ያቺው ጫጩት፣ አሁን ዶሮዬ፣ እንቁላል ጥላ ጨርሳ ባዶ ጎጆዋ ላይ ተኛች፤ መታቀፍ አማራት። አንድ እሑድ ልክየለሽ እያለከለከች መጣች። ከዳንግላ በሚኒባስ ያስመጣቻቸውን አሥራ ሁለት የዘር እንቁላሎች ዶሮዋ አሥራ አምስት ቀን ከታቀፈቻቸው በኋላ ሸለምጥማጥ በልቷት አደረ። እንቁላሎቹን በነጠላዋ ጠቅልላቸዋለች።

“እታለም፣ ዶሮሽን አውሺኝ! በሰፈሩ መታቀፍ የያዛት ያንቺዋ ብቻ ናት። ሳይቀዘቅዙብኝ!”

“ዓይኔንስ አትፈሪም?” አልኳት።

አንገቷን ደፋች።

“እዚህ ድንጋዩ ላይ አስቀምጫቸውና ቤተ ክርስቲያን ሂጂ። ሰዉ ሰንበቴ ላይ ነው፤ ውብአየሁም አለች። ‘በፀጋነሽ ላይ ዋሽቻለሁ’ በይ።”

“መጀመሪያ እንቁላሉን እናስታቅፍና…”

“መጀመሪያ አፍሽን!”

ሮጠች። በጆሮዋ ትስማ ብዬ ትዕግስትን አስከተልኳት። ወዲያው ሰማዩ ጠቆረ፤ የእንጅባራ ዝናብ መቼ ይለመናል፣ በረዶ ቀላቅሎ ወረደ። ድንጋዩ ከደጃፌ ሦስት እርምጃ ነው። ነጠላው ሲርስ፣ በረዶው ሲከመርበት ቆሜ አየሁ። እሰይ! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ዝናቡ ካባራ በኋላ ተመለሱ። ትዕግስት ከዓመት ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው። “እማ፣ በሰው ሁሉ ፊት ተናገረች! ውብአየሁ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሽማግሌ እልካለሁ አለች!” ልክየለሽ እንቁላሎቹን ዳሰሰች። ወስጄ ለዶሮዬ አስታቀፍኳቸው።

ዶሮዬ ምን ታርግ? ከጎጆዋ ንቅንቅ አላለችም። ሃያ አንድ ቀን የሚሞላቸው ስድስተኛው ቀን አለፈ፤ ሰባተኛውም፣ ስምንተኛውም። በዘጠነኛው ልክየለሽ መጥታ አንዱን ሰበረች። ጫጩቱ ውስጡ ሞቷል። የቀሩትን በቁና ይዛ በመንደሩ መሃል ወደ ቤቷ ሄደች። አንድ ቃል አልተነፈሰችም፤ ሰዉ ራሱ ጨረሰላት። “ዋሸሁ ያለችው ፈርታት ነው። ይኸው፣ ዓይኗ ቅርፊት ዘልቆ ይገባል!”

ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ በተባለበት እሑድ ትዕግስት ቤቱን ጠርጋ እስከ ማታ ጠበቀች። ማንም አልመጣም።

“እማ፣ ያን ቀን ዝናቡ ሲጥል የት ነበርሽ?” አለችኝ።

“ቤት።”

“እንቁላሎቹስ?”

ወደ ጎጆው ዞርኩ። ዶሮዬ አሁንም ባዶውን ጎጆ ታቅፋ ተኝታለች። ፉርሽካዋን ልለውስላት ጣሳውን ሳነሳ ልጄ ከእጄ ወሰደችው።

“ተዪው፣ እኔ አበላታለሁ” አለች። “አንቺ አትዪያት።”