የኤመት አልጋ

ያን ዕለት ጠዋት ኦፓል ጊድሪ እግሯ መሬት አልነካ አለ። ሉዊዚያና ውስጥ በዚህ የግል ወህኒ ቤት ከምትጠብቃቸው እስረኞች አንዱ፣ ኤመት ብሩሳርድ፣ ረፋዱ ላይ ሊፈታ ነው። እናቱ ገና በማለዳ አሮጌ መኪናዋን በሩ ላይ አቁማ ክላክሱን ታስጮኸዋለች። እሷን ዝም የሚያሰኝ ወንድ እስቲ ይምጣ!

በዚህ መሀል የወህኒ ቤቱ አለቃ ሃስከል ወረቀት ይዞ ከች አለ።

«ኤመት ትናንት ሬዲዮኑን፣ ጫማውን፣ ኢንዶሚውን ሁሉ ለእስረኞች አድሏል። ዕቃ መስጠት ክልክል ነው። አይቻለሁ ብለሽ ፈርሚ፤ አንድ ወር ይጨመርበት።»

«አለቃ፣ የሚወጣ ሰው ዕቃውን ማደሉ የቆየ ልማድ ነው እኮ! ማን ተቀጥቶበት ያውቃል?»

«ያኔ አልጋው ሁሉ ሙሉ ነበር። መንግሥት ለኩባንያው የሚከፍለው በተኛው ሰው ልክ ነው። አልጋው ከጎደለ አንቺም የለሽም።»

የእንጨት ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ በከተማዋ ሌላ ሥራ የሚባል የለም። ግን የኦፓል ደም ፈላ። ምን ዓይነት ጉድ ነው! ሰው አልጋ እንዲሞላ ተብሎ ይታሰራል?

«እኔ በዓይኔ አላየሁም፤ የዕቃ ሳጥኑ ይፈተሽ» አለች።

ሃስከል ጓንት ሊያመጣ ቢሮው ሲሄድ፣ እሷ ወደ እስረኞቹ ዞራ ጮኸች።

«ስሙ! ዕቃው ሳጥኑ ውስጥ ካልተገኘ ኤመት ዛሬ አይወጣም!»

ለብልህ አይነግሩም፣ ለአንበሳ አይመትሩም። አዳራሹ ተተራመሰ። ሬዲዮኑ ከእጅ ወደ እጅ በረረ፣ ጫማው ከሰው እግር ወለቀ፣ ኢንዶሚው ከየፍራሹ ሥር ወጣ። ሽማግሌው ክሎቪስ ብቻ ተቁለጨለጨ።

«እኔማ ድርሻዬን ማታውኑ በልቼዋለሁ!» አለና ለራሱ ያስቀመጣትን አንዲት እሽግ አምጥቶ ጨመረ።

ሃስከል ሲመለስ ሳጥኑ አልዘጋ ብሏል። ቢያገላብጠው ምንም አልጎደለም።

ኤመት ጭነቱን ተሸክሞ ሲወጣ ፉጨቱ፣ ሳቁ፣ የብረት በሩ ድብደባ አይጣል ነው! ኦፓል ራሷ ሮጣ የውጪውን በር ከፈተችለት።

«አንተ ልጅ፣ ሱቅ ዘርፈህ ነው እንዴ የወጣኸው?» ብላ እናቱ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

ሃስከል ከኋላ ደረሰ። «ደስ አለሽ? ያ አልጋ የአንቺም ደሞዝ ነበር። አሁን ማን ይተኛበታል?»

«አንተ ተኛበት!»

የወህኒ ቤቱን ቁልፎች መዳፉ ላይ ጣል አድርጋ ወደ ኤመት እናት መኪና ሮጠች። ነገ ምን እንደምትበላ አታውቅም፤ ልቧ ግን በደስታ ሊፈነዳ ነው።

«ቦታ አላችሁ?»

ኤመት ሳጥኑን አቅፎ ጠጋ አለላት።

«ይግቡ እንጂ እትዬ ኦፓል! ኢንዶሚ እንደሆነ ሞልቷል!»