አስቱርሞር የሚባል አገር

ሚስስ ኖራ ኪንሴላ ሰማንያ ዓመታቸው ነው፤ እኔ ሙዘይን ደግሞ የታክሲ ሹፌራቸው ነኝ። ማክሰኞ ማክሰኞ ከቤድፎርድ ቤታቸው አንስቼ ላይብረሪ እወስዳቸዋለሁ። ሐሙስ ወደ አየርላንድ ሊበሩ ቲኬት ቆርጠዋል፤ የት እንደሚሄዱ ግን አያውቁም። የአያታቸው መንደር በድሮ የመርከብ መዝገብ ላይ «አስቱርሞር» ተብሎ ተጽፏል፤ እንዲህ የሚባል አገር ደግሞ በየትኛውም ካርታ ላይ የለም። ልጃቸው፣ መንደሩ ዛሬ እስከ እኩለ ቀን ካልተገኘ ቲኬቱን እሰርዛለሁ ብሏል።

«ሰማንያ ዓመት ሙሉ፣ ዘርሽ ከየት ነው ሲሉኝ መልስ የለኝም» አሉኝ መኪና ውስጥ። «ሳላውቅ መሞት አልፈልግም።»

ላይብረሪው ውስጥ መዝገብ ስናገላብጥ ለእኩለ ቀን አንድ ሰዓት ቀረ። መቀመጥ አቃተኝ። ተነሳሁ፣ ውሃ ጠጣሁ፣ ተመለስኩ፣ ደግሞ ተነሳሁ። የፈረንጅ መንደር ጠፋ ተገኘ፣ እኔን አይሞቀኝ አይበርደኝ መሆን ነበረበት። ግን የሰው ጭንቀት ይጋባብኛል፤ ሲጋባብኝ ደግሞ እናደዳለሁ። በዚህ መሀል ባለቤቴ ሙኒያ ደወለች።

«ሙዜ፣ ኤርፖርት ፒክ አፕ አለህ እኮ! አሁንም አሮጊቷ ጋ ነህ?»

«ኮል ባክ አደርግሻለሁ፤ አገር ጠፍቶብናል።»

«ሶ፣ አንተ ነህ የምታገኘው? ሚስተር ከሐርቡ!» ብላ ስቃ ዘጋችው።

በዚህ ስም ስትቀልድብኝ ደሜ ይፈላል። ናይሮቢ በስደት ሳለሁ የመዘገበችኝ ጸሐፊ ከአማርኛ የምታውቀው «ከየት?» የሚለውን ብቻ ነበር። «ከሐርቡ» አልኳት፤ «ከ»ዋንም ደርባ ጻፈቻት። ይኸው እስከ ዛሬ በወረቀቴ ላይ የተወለድኩት ወሎ ውስጥ «ከሐርቡ» በሚባል፣ በሌለ ከተማ ነው። ይህን እያጉረመረምኩ ሳለ ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

«ሚስስ ኖራ፣ በአያትዎ ቋንቋ ‹ከዚህ ቦታ ነኝ› ሲባል፣ ‹ከ› ምንድን ነው?»

«አስ» አሉ ሳያስቡት፤ ከአያታቸው ቋንቋ ከቀሯቸው ጥቂት ቃላት አንዷ ናት። ከዚያ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

«ቱርሞር»ን በተረሱ የቦታ ስሞች ዝርዝር ውስጥ አገኘነው። ከመቶ ዓመት በፊት ከካርታ የወጣ ስም ነው፤ ከጎኑ ዛሬ የሚጠራበት ስም ተጽፏል። ደጅ ወጥተን፣ ወደ ወሎ በምደውልበት ካርድ አየርላንድ፣ መንደሩ ላለው ፖስታ ቤት ደወልን። የድሮውን ስም የሚያውቁት አንድ ሽማግሌ ብቻ ናቸው ብለው ቁጥራቸውን ሰጡን።

ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገን ደወልንላቸው፤ ሽማግሌው የአያትየውን ስም ሁለቴ አስደገሙን።

«ማርቲን ኪንሴላ የአያቴ ወንድም ነው» አሉ በመጨረሻ። «ጨው ግዛ ተብሎ ገበያ እንደወጣ ቀረ። እናቱ እስክትሞት ድረስ በሩን አላስቆለፈችም። የት ገባ?»

ኖራ አያታቸው ተመርቆ የተሸኘ ነበር የሚመስላቸው። እንባ አላናግር ሲላቸው ስልኩን ለእኔ ሰጡኝ።

«አንተ ንገራቸው» አሉኝ።

እኔ የሰው አያት ምን አገባኝ? ግን ስልኩን ተቀበልኩ። ምን እንደምል ግራ ገባኝና፣ እኛ ዘንድ ለመንገደኛ ቤተሰብ የሚባለውን አልኩ።

«ደኅና ደርሷል። የልጅ ልጁም ሐሙስ ተነስተው ይመጣሉ።»

ሽማግሌው ስልኩን ሳይዘጉ ጥለውት ሄዱ። ከወዲያ ማዶ፣ ቤት ውስጥ ላለ ሰው «ደርሷል! ማርቲን ደኅና ደርሷል!» እያሉ ሲጮኹ ሰማናቸው።