የመኪና አሰልጣኙ መንጋጋ

የመኪና መንዳት አሰልጣኙ ተማሪዎቹ ፊት አንበሳ ነበር። መሪ ይዞ የሚንቀጠቀጠውን ሁሉ «ምን ያስፈራሃል?» እያለ ሲያንባርቅ ይውላል። የገዛ መንጋጋው ሲነሳበት ግን ሐኪም ቤት ከመሄድ በአንድ ጎን እያላመጠ መክረምን መረጠ። ቅርንፉድ ነከሰ፤ በጨው ውሃ ተጉመጠመጠ። በመጨረሻ ጉንጩ አብጦ ሲያድር ሚስቱ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ዛሬ ካልሄድክ እኔው በጉጠት እነቅልልሃለሁ!» አለችው። ጉጠቱ የት እንደተቀመጠ ስለምታውቅ ሄደ።

ወንበሩ ላይ ሲጋደም ሐኪሟ ጭንብሏን ዝቅ አድርጋ ሳቀች።

«ጋሼ፣ አላወቁኝም? ዳገት ላይ ሞተር በጠፋብኝ ቁጥር የማለቅሰው ተማሪዎ ነኝ።»

ክው አለ። «የምትረግጪው ፍሪሲዮን ነው እንጂ በረሮ አይደለም!» ብሎ የጮኸባት ትዝ አለው። አሁን መርፌው እሷ እጅ ነው።

«እስቲ ምን እንደምታደርጊኝ ንገሪኝ» አላት፤ ድምፁ ቀጥኖ የራሱ አልመስል አለው።

«መጀመሪያ አደነዝዝዎታለሁ፤ መርፌው ትንሽ ይቆጠቁጣል። ከዚያ ጥርሱን ከላይ ከፍቼ የተበላሸውን ነርቭ አወጣለሁ፤ ሥሩን አጥቤ እደፍነዋለሁ። ድምፁና ንዝረቱ ይሰማዎታል። ካመመዎ ግን ግራ እጅዎን ያንሱ፣ አቆማለሁ።»

እጁን አነሳ።

«ጋሼ፣ ገና ጓንት እያጠለቅኩ ነው።»

«እየተለማመድኩ ነው» አለ። ‘እኔ ነኝ ደግሞ ሰው የማደፋፍረው!’ ብሎ በራሱ አፈረ።

መርፌው እውነትም ቆጠቆጠ። ጥቂት ቆይቶ ከንፈሩ የሌላ ሰው ሆነ። ማሽኑ ማፏጨት ሲጀምር ቀኝ እግሩ የሌለ ፍሬን ይረግጥ ጀመር።

«ዘና ይበሉ ጋሼ፣ መሪውን እኔ ይዤዋለሁ» አለችው።

ያ የፈራው ህመም አሁን ይመጣል፣ አሁን ይመጣል እያለ ጠበቀ። ጠብቆ ጠብቆ እንቅልፍ ወሰደው። ሐኪሟ የቀሰቀሰችው ማንኮራፋቱ ሥራ ስላስፈታት ነበር።

«ማደንዘዣው ሲለቅ ጥቂት ቀን ይጠዘጥዝዎታል፤ ማስታገሻ ይውሰዱ» አለችው። «በዚህ በኩል ጠንካራ ነገር እንዳያኝኩ። ሲመለሱ ሽፋን እናደርግለታለን።»

ሚስቱ በር ላይ ትጠብቀው ነበር። «እንዴት ነበር?» ስትለው ደረቱን ነፋ አድርጎ «ምንም አይደል» ሊላት ፈለገ። የወጣው ግን «ፍንፍ አይዴል» ሆነ፤ ለሃጩም ሸሚዙ ላይ ተንጠባጠበ። ሚስቱ በሳቅ ፍርስ አለች። እሱም አብሯት ሊስቅ ሞከረ፤ እሺ ያለው ግን ግማሽ ፊቱ ብቻ ነበር።