ፈተናዋን ትጨርስ

«ጌታ ያጽናሽ፣ ዶክተር» አሉ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ጋሽ ቶማስ፣ በር ላይ ጫማቸውን እያወለቁ።

ዶክተር! ማዕዶት የሕክምና ትምህርት ቤት ማመልከቻ እንኳ ገና አላስገባችም። እዚሁ ሚኒያፖሊስ ስትማር ኬሚስትሪና ፊዚክሷ በሲ ነው የወጣው፤ በዚህ ውጤት ማን ይቀበላታል? ስለዚህ ፋርጎ ከተማ ሄዳ፣ በሌላ ዩኒቨርሲቲ፣ ያበላሸቻቸውን ኮርሶች እንደገና ትወስድ ነበር። የሰፈሯ የብሩክሊን ፓርክ ሐበሻ ግን አባቷ አቶ እንግዳ በየደረሰበት ስላወራላት ዶክተር ነው የሚላት።

እንግዳ የሞተው እሷ የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ፈተና ላይ ተቀምጣ ሳለ ነው። ሆስፒታል ሲተኛ ምእመኑ በሙሉ እየተመላለሰ ጠየቀው፤ ለእሷ ግን ትንፍሽ ያለ የለም። የኛ ሰው መርዶ መደበቅ ሲችልበት!

አባቷ ስልክ ሲደውልላት ከጀርባው የሆነ ነገር ጲጵ ጲጵ ይል ነበር።

«አባዬ፣ ምንድን ነው የሚጮኸው?»

«ዕቃ ማንሻው፣ ፎርክሊፍቱ ነዋ! ሥራ ላይ አይደለሁ? አንቺ ዝም ብለሽ ስተዲ አድርጊ።»

«ድምፅህ ደክሟል።»

«ኦቨርታይም ገብቼ ነው። ብቻ ኤ አምጪ! እናትሽ እልልታውን ታቀልጠዋለች።»

አመነችው። ሆስፒታል በነፃ ስታገለግል ያንን የልብ ምት መከታተያ ማሽን ጩኸት ስትሰማው ነው የከረመችው፤ ግን አባቷ ፎርክሊፍት ካለ ፎርክሊፍት ነው።

ከቀብር መልስ ሳሎኑ ከቤተ ክርስቲያን በመጣ ተጣጣፊ ወንበር ተሞልቷል። እናቷ የሺሀረግ ለገባው ሁሉ ያንኑ ትደግማለች። «አትንገሯት ያለው እሱ ራሱ ነው። ‹ፈተናዋን ትጨርስ› አለ።» ማዕዶት ይህን ሰምታ በሟቹ ተናደደች። በእሱ መናደዱ ይቀላል፤ መልስ አይሰጥ።

ከዚያ ሲንቄ መጣች፤ ከእንግዳ ጋር ዕቃ መጋዘኑ፣ ዌርሃውስ የምትሠራ ሴት ናት። ማዕዶት አጠገብ ተቀምጣ እጇን ያዘቻትና በሹክሹክታ፣ «አይ እንግዳ!» አለች። «የመጨረሻው ቀን ማታ በሩ በተከፈተ ቁጥር ‹ማዕዶት መጣች?› ይላል። መንገድ ላይ ናት አልኩት። ምን ልበለው፣ እህቴ?»

ማዕዶት ተነሥታ ኩሽና ገባች። እናቷ የጸዳ ጠረጴዛ ትወለውላለች።

«እማዬ፣ ጠርቶኛል?»

«በማግስቱ ፈተና ነበረብሽ።»

«ጠርቶኛል ወይ ነው የምልሽ!»

የሺሀረግ ጨርቁን አስቀመጠችው። «ጠርቶሻል። ጋሽ ቶማስም፣ እኔም፣ ጠዋት ጨርሳ ትመጣለች፣ እስከዚያ ይቆያል አልን። ጸለይን እኮ። ይቆያል አልን፣ ልጄ!»

«ኮርስ እኮ ይደገማል!» ድምፅዋ ሳሎን ድረስ ተሰማ። «እየደገምኩት አልነበር እንዴ? ብወድቅ መልሼ እወስደው ነበር። አባቴን የት ሄጄ ልድገመው? ንገሪኛ!»

የሺሀረግ ጨርቁን መልሳ አነሳችው። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው የማዕዶት ስልክ ነዘረ።

«ምንድን ነው?» አለች እናት፣ ለማለት ያህል።

ማዕዶት አየችው። «የፈተናው ውጤት።»

«እ?»

«ኤ ነው።»

የሺሀረግ አገጭ ወደ ላይ ቀና አለ። «እልል» ከአፏ ካመለጠ በኋላ ነው የት እንዳለች ትዝ ያላት። ጥቁር ነጠላዋን ስባ አፏን ለመሸፈን ሞከረች። ድምፅዋ ወደ ዋይታ እየተቀየረ መጣ።

ማዕዶት ስልኩን ጥላ መዳፏን በእናቷ አፍ ላይ አደረገች። ዋይታው ከመዳፏ ሥር ቀጠለ።

«ዶክተር፣ ደህና ናችሁ?» አሉ ጋሽ ቶማስ ከሳሎን።

ማዕዶት ሌላኛውን እጇን በእናቷ ማጅራት አዙራ ያዘቻት፤ አፏ ላይ ያለውን ግን አላነሳችም።