ሳንደውል አንለጥፍም

«የሶዶ ጎረቤት» የተባለችው የዜና ገጽ ቢሮ አላት ቢባል እውነተኞቹ ቢሮዎች ይቀየማሉ። ያለችው ከአቶ ገብረማርያም የሕንፃ መሣሪያ መደብር ጀርባ፣ ድሮ ሚስማርና ቀለም ይከማችበት በነበረ ጓዳ ውስጥ ነው። ከመደብሩ የሚለያት አንድ ስስ የቺፑድ ግድግዳ ብቻ ነው። ከወዲህ ሙሉሐረግ ዜና ትጽፋለች፣ ከወዲያ አባቷ ሲሚንቶ ይሸጣሉ፣ ማን ምን እንዳለ ሁለቱም ወገን ይሰማል።

ገጿ ትንሽ ናት፤ ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ ነው የምትወጣው። ቢሆንም ከሻንቶ እስከ ቦዲቲ ሰው ከእንቅልፉ ነቅቶ ፊቱን ሳይታጠብ የሚያያት እሷን ነው፤ ለመታጠብ ውሃ ይኑር አይኑር የምትነግረው እሷ ናትና። መብራቱ ለምን እንደጠፋ፣ ወደ ቤሌ የሚሄደው መኪና ለምን እንደዘገየ፣ የማን ፍየል የማን ጎመን ላይ እንደተያዘች ሁሉም እዚያ አለ። ሙሉሐረግ ትጽፋለች። ድሮ ሠርግ ይቀርጽ የነበረው ሲላስ ደግሞ ፎቶና ቪዲዮ ያነሳል፤ እስከ ዛሬ የጎርፍ ቪዲዮ ውስጥ ሳይቀር አበባ ካላስገባ ደስ አይለውም።

ሕጋቸው አንድ ናት፦ ስሙ የተነሳውን ሰው ሳንደውልለት አንለጥፍም። ሕጓ የወጣችው ሲላስ ቸኩሎ «ተሰረቀች» ብሎ የለጠፋት ላም ባለቤቷ ጓሮ ተኝታ ስታመሰኳ የተገኘች ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ባለሥልጣንም ይሁን ባለ ባጃጅ፣ ይደወልለታል። ስልኩን ካነሳ ያለው ይጻፋል፣ ካላነሳም አለማንሳቱ ይጻፋል።

ይህን ሁሉ ሥራ ነው ብለው የማይቆጥሩ አንድ ሰው ቢኖሩ አቶ ገብረማርያም ናቸው። አባታቸው ከጉራጌ አገር ጨርቅ ተሸክመው መጥተው ሶዶ ላይ ሱቅ የከፈቱ ነጋዴ ነበሩ፤ ለእሳቸው ሥራ ማለት የሚመዘን ወይም የሚለካ ነገር ነው። ደንበኛ «ልጅዎ ምን ትሠራለች?» ብሎ ሲጠይቃቸው መልሳቸው ሁልጊዜ ያው ነው።

«ሥራ እስክታገኝ ስልክ ትነካካለች።»

ክፋት የለባቸውም፣ እያሾፉ ነው የሚሉት። ግን ቺፑዱ ስስ ነው፣ ሙሉሐረግም በሰማችው ቁጥር ያማታል። ተመርቃ ስትመጣ ጓዳውን የሰጧት እሳቸው ናቸው፣ ምሳዋን የሚከፍሉላትም እሳቸው ናቸው። ልትሰማት የምትፈልገው አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፣ እሷንም አንድ ቀን አልሰጧትም።

የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ጊፋታ፣ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ነው ዝናቡ የጣለው። ከዳሞታ ተራራ በኩል ጠቁሮ መጣና ገበያውን አጥቦ ሄደ። የቅቤ ተራው ሴቶች ለበዓሉ ያመጡት ቅቤ በኮባ እንደተጠቀለለ በጎርፉ ላይ እየተንሳፈፈ ወረደ። ዝናቡ እንዳባራ ከሻጮቹ አንዷ፣ እትዬ መሠረት፣ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ለብሶ መጣች። አቶ ገብረማርያምን በአንገቷ ብቻ ሰላም ብላ በመደብሩ መሀል አለፈችና ጓዳ ገባች።

«ልጄ፣ ባለፈው የሆቴሉን ለጥፈሽ የለ? ቦዩን ደፍኗል ብለሽ፣ በፎቶ?»

«አዎ እትዬ።»

«ይሄንንስ?» አለች በአገጯ ወደ መደብሩ በር እያሳየች። «መኪና እንዲገባለት ብሎ ጋሽ ገብሬ ቦዩ ላይ ሲሚንቶ አፈሰሰ። ውሃዋ መንገድ አጣች፣ ወደኛ ዞረች። ዓመት ሙሉ በዕቁብ ያጠራቀምናት ቅቤ ናት። ወይስ የአባት ቦይ አይለጠፍም?»

ድምጿን ዝቅ አላደረገችም። ከቺፑዱ ማዶ የሚሠፈረው ሚስማር ጸጥ አለ፣ ከዚያ እንደገና መንኳኳት ጀመረ።

ሙሉሐረግ ወጥታ አየች። ማየትም አያስፈልጋት ነበር፤ በዚያ የሲሚንቶ መድረክ ላይ ስትመላለስ ወራት ሆኗታል። ሰው ሁሉ የሚሳሳለት ሲሚንቶ አቶ ገብረማርያምን አልቸገራቸውምና ከቦዩ አፍ እስከ አስፋልቱ ጥሩ አድርገው ሞልተውታል። ባለፈው የሆቴሉን ዜና ስትጽፍ በዚሁ ላይ ተራምዳ ነው ወደ ጠረጴዛዋ የሄደችው። ፊቷ በእፍረት ጋለ።

«ሽማግሌ እንላክባቸው» አለ ሲላስ በሹክሹክታ። «በጊፋታ የተጣላም ይታረቃል። ሁለት ትልልቅ ሰው እንላክ፣ ይሰሙናል፣ ያፈርሱታል፣ ዜናም አያስፈልግም።»

«ለሆቴሉ ሰውዬ ሽማግሌ ላክን?»

«የሆቴሉ ሰውዬ ጓዳ አልሰጠንማ።»

«ለዚያ እኮ ነው።»

ሲላስ ካሜራውን አነሳና መድረኩን፣ የተኛውን ውሃና የተበታተነውን ኮባ ቀረጸ። ለመደወል ግን እጁን አጣምሮ እምቢ አለ። የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪ ሳለ መስኮታቸውን በኳስ ሰብሮባቸው በነጻ የማሩት ሰው ናቸው፣ በየትኛው አፉ ነው የሚጠይቃቸው? ሥራው ለሙሉሐረግ ቀረ።

ደወለች። ስልኩ ከቺፑዱ ማዶ ጠራ።

«እህ፣ ምሳ ደረሰ እንዴ?» አሉ አባቷ። ድምፃቸው በስልኩም በግድግዳውም መጣ፣ የግድግዳው ቀደመ።

«ስለ ምሳ አይደለም። ከ‹የሶዶ ጎረቤት› ነው የምደውለው። አቶ ገብረማርያም ነዎት?»

ከማዶ ሚዛኑ ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ተሰማ። 

«እዚያው ከጀርባዬ አይደለሽም እንዴ?»

«ነኝ። ግን የምንጠይቀው በስልክ ነው። ከመደብርዎ ፊት ያለውን የጎርፍ መውረጃ ቦይ ደፍነዋል የሚል ቅሬታ ቀርቦብዎታል። ምን ይላሉ?»

ስልኩ ተዘጋ። ወዲያው ወንበራቸው ተንቋቋ፣ ከዚያ የእግራቸው ኮቴ ወደ ውጭ ሄደ።

ሙሉሐረግ ስክሪኑ ላይ አፈጠጠች። ሕጉ ግልጽ ነው። «አቶ ገብረማርያም ስለ ጉዳዩ ስንጠይቃቸው ስልኩን ዘግተውብናል» ብላ ጻፈች፣ አጠፋችው፣ ደግማ ጻፈችው። የሰው አባት ቢሆን ሳታስበው የምትጽፈው ዓረፍተ ነገር ነው። የራሷ አባት ሲሆን ግን ቃል በቃል ደጋግማ አነበበችው። ነገ ከነገ ወዲያ ጓዳውን ልቀቁ ቢሏትስ? ይባስ ብለው ምንም ሳይሏት ማታ ቤት ገብተው ዝም ቢሏትስ? ከሁለቱ የሚያስፈራት ሁለተኛው ነበር።

«ለጥፊው ወይ ተይው» አለ ሲላስ። «እንዲህ ሆነሽ ሳይሽ እኔም ሥራ መሥራት አቃተኝ።»

«ትንሽ እንጠብቅ። ለሆቴሉም ጠብቀን ነበር።»

ሻይ አስመጡ፤ ሁለቱም ሳይጠጡት በረደ። በመጨረሻ ጣቷን መለጠፊያው ላይ ስታሳርፍ ስልኳ ጠራ። «አባባ» ይላል።

«ሃሎ፣ የሶዶ ጎረቤት ነው?» አሉ። በግድግዳው በኩል አልመጡም። ከበስተኋላቸው የገበያ ጫጫታ ይሰማል።

«አዎ፣ ነው።»

«ገብረማርያም እባላለሁ። ቅድም መሥመሩ ተቋርጦብኝ ነው።»

«እሺ» አለች ሙሉሐረግ። መሥመሩን ማን እንዳቋረጠው አልጠየቀችም፤ ጋዜጠኛም አንዳንዴ ይራራል።

«አሁን የቆምኩት ቅቤ ተራ ነው። እዚያ የእኔና የአንቺ ቤት ... ማለቴ፣ እዚያ ሰው ይሰማል ብዬ ነው።» አንዲት ሴት አጠገባቸው ስትናገር ተሰማ፤ እትዬ መሠረት ነበረች። «ጋሽ ገብሬ፣ እዚህ ቁም፣ እዚህ። ቅቤዋ በዚች በኩል ነው የሄደች።» አባቷ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይህን ሁሉ ዓመት ሱቄን ከዚህ ማዶ ሆኜ አይቼው አላውቅም። ከዚህ ሲያዩት ያስቀይማል። ጻፊ። ቦዩን የደፈንኩት እኔ ነኝ። መኪና እንዲጠጋልኝ ብዬ ነው፣ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ አላሰብኩም። አስቤው ቢሆን አላደርገውም ነበር። ይህንንም ጻፊ።»

«ያፈርሱታል?»

«አፈርሰዋለሁ።»

«መቼ?»

«ከጊፋታ በፊት ነዋ።»

ሙሉሐረግ ዓይኗን ጨፈነች። የሆቴሉም ባለቤት «በቅርቡ» ብሎ ነበር፤ ቦዩ እስከ ዛሬ እንደተደፈነ ነው። «ቀኑን ቢነግሩን» አለች።

ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። ሳቅ ይሁን ንዴት በስልክ አይለይም።

«ነገ» አሉ። «ነገ ጠዋት ብለሽ ጻፊ። አንቺ ሰው አትለቂም።»

ዜናው ወጣ፣ ከነስማቸው፣ ከነመድረኩ ፎቶ። ሲላስ አበባ አላስገባበትም። ሙሉሐረግ ማታ ቤት ስትገባ አባቷ እራት እየበሉ ነበር። «ፎቶው ላይ ታፔላዬ ተቆርጧል» ብቻ አሉና ዳጣውን ወደ እሷ ገፋ አደረጉላት። ያን ቀን እንደዚያ እራት የጣፈጣት ነገር አልነበረም።

በማግስቱ የወዛደሮቹ መዶሻ ቦዩ ላይ ሲያርፍ ግማሹ ገበያ ቆሞ ያይ ነበር፤ ሁሉም አንብቦ ነው የመጣው። እትዬ መሠረት እንደ ተቆጣጣሪ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «እዚያም ጥጉ ቀርቷል» ትላለች። አቶ ገብረማርያም የራሳቸው ሲሚንቶ እንዲህ አልበገርም ማለቱ የሚያኮራም የሚያናድድም ሆኖባቸው ከዳር ቆመው ያያሉ። ሙሉሐረግ ጓዳዋ ውስጥ ነበረች። መውጣት ፈልጋ ነበር፣ ግን እዚያ ብትቆም እሳቸውን የምታሳጣቸው መሰላት።

ከደንበኞቻቸው አንዱ፣ በድሉ የሚባል ግንበኛ፣ ወሬ ካላገኘ ቀኑ የማይመሽለት ሰው ነው። ቆርቆሮ ሊገዛ መደብሩ ገባና ጨዋታ ጀመረ።

«ጋሼ፣ የገዛ ልጅዎ አስፈረሰችዎት አሉ።»

ሙሉሐረግ ከቺፑዱ ወዲህ መጻፏን አቆመች። ሲላስም ቀና አለ።

«ልጄ ብትሆን ኖሮማ» አሉ አቶ ገብረማርያም፣ «ሂጂ ሻይ ጠጪ ብዬ እመልሳት ነበር። የጠየቀችኝ ጋዜጠኛ ናት። ጋዜጠኛ ሲጠይቅ ይመለሳል።» ቆርቆሮው ሲወርድ ተንኮሻኮሸ። «ስንት ቅጠል ነው የፈለግከው?»

ሙሉሐረግ በመዳፏ ዓይኗን ጠረገችና የቦዩን መከፈት መጻፍ ጀመረች። ስትጨርስ ስልኳን አንስታ ለአባቷ ደወለችላቸው። ስማቸው ተነስቷልና ሳይደወል አይለጠፍም።