የፋንታሁን ዝምታ

ባሏ በተቀበረ በሰልስቱ፣ ለቀስተኛ ፊት «እፎይ!» ብላ የሳቀችን ሴት ምን ትሏታላችሁ? ልበ ደንዳና? እብድ? የእንፍራንዝ ሰው ሁለቱንም ብሏታል። ይበል ተዉት! ከመስማት ይልቅ መፍረድ ይቀለዋል።

እናኑ ከትልቁ ዋንዛ ሥር ሣር ላይ ተቀምጣለች። ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ ዘቅዝቃ ለብሳለች፤ ዓይኗ ግን ደረቅ ነው። ጎረቤቷ የዓለምወርቅ ለለቀስተኛው ንፍሮ ስታድል የሟቹ ባሏ የፋንታሁን ታላቅ ወንድም ዋኘው ከጎንደር ደረሰ። ማኪናው መንገድ ዳር ስለቀረ ዳገቱን በእግሩ ወጥቶ ያለከልካል።

«ምነው፣ ዳስ እንኳ አልጣላችሁለትም?» አለ ገና ሳይቀመጥ።

«ሸጋ ዳስ አለው፣ አያ ዋኘው። ከዚህ ዋንዛ የሚሰፋ ጎንደር ካለ ምነው ተሸክመህ ባልመጣህ?» አለችው የዓለምወርቅ። ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

ለዳስ የሚሆን እንጨት ጠፍቶ አይደለም፤ ዙሪያው ጥድና ወይራ ነው። በጣሊያን ጊዜ ቤታቸው የተቃጠለባቸው ጥቂት ቤተሰቦች እዚህ ጫካ ገቡ። ጫካው ከአውሮፕላን ሸሸጋቸው፣ ማር አበላቸው። ጠላት ወጥቶ ሌላው ሲመለስ እነሱ ቀሩ። መሬቱ የፋንታሁንና የዋኘው የአባት ርስት ቢሆንም ፋንታሁን «ያዳነን የሁላችን ነው» ብሎ ቀፎውንም በረቱንም የጋራ አደረገ። የሚነደው የወደቀ እንጨት ብቻ ነው። እርጥብ ዛፍ መቁረጥ ግድ ሲሆን አዋቂ ሁሉ ተራ በተራ መዳፉን ግንዱ ላይ አሳርፎ «ይሁን» ይላል። አንድ ሰው ዝም ካለ ዛፉ አይነካም። ዝም ያለ አልፈቀደምና። ይህን ኋላ ቀርነት ነው የሚል ካለ ወጥቶ የራሱን ተራራ ይየው፤ ራቁቱን ቆሟል!

ዋኘው ግን ጫካውን ለጣውላ ነጋዴ ሊሸጥ ተስማምቶ ነበር። የጎደለው የወንድሙ ፈቃድ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ፋንታሁንን ጎንደር አስጠራው። ፋንታሁን የተመለሰው በበቅሎ ላይ ተደግፎ፣ ትኩሳት ምላሱን አስሮት ነበር።

«እነዋኘውን ምን አልካቸው?» አለችው እናኑ።

ዓይኑን ጨፈነ። ደጋግማ ጠየቀችው፤ ደጋግሞ ጨፈነ። ሐፍረት መሰላት። «ሸጦናል» አለች በልቧ። ሳይናገር ሞተ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የነሳት የባሏ ሞት ብቻ አልነበረም፤ ከሩቅ የተሰማው ድምፅ ሁሉ መጋዝ ይመስላት ነበር።

አሁን ዋኘው ጠጋ ብሎ በጆሮዋ አንሾካሾከ።

«እናኑዬ፣ ነጋዴው እየጠበቀ ነው። ባልሽ እንደሁ ተስማምቷል።»

ወደ እሱ ዞረች። «ምን ብሎ?»

«ጎንደር፣ ሽማግሌ ፊት ሦስቴ ተጠየቀ፤ ዝም አለ። ዝምታ ፈቃድ ነው፣ አገር ያውቀዋል። እንግዲህ አንቺም በልጆቹ ስም እሺ ካልሽ…»

«ሦስቴም ዝም አለ?»

«ከንፈሩን አላላወሰም አልኩሽ!»

ያኔ ነው «እፎይ!» ያለችው። ሳቋ ዋንዛው ላይ የሰፈሩትን ወፎች አስነሳ። ንፍሮው በየእጁ ላይ ቀረ። ከሳቁ ኋላ፣ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ እምቢ ያለው እንባ ወረደ።

«ምነው ልጄ፣ ምን አገኘሽ?» አሉ ሽማግሌው አያ የሻው።

«አልሸጠንም፣ አያ የሻው! እኔ ነኝ የጠረጠርኩት እንጂ እሱስ አልሸጠንም!»

ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ ተነሣች። የዋኘውን እጅ ሳብ አድርጋ መዳፉን ግንዱ ላይ አሳረፈች፤ የራሷንም በላዩ ደረበች። እጁ ከእጇ ሥር ሲላወስ ጫን አለችው።

«በጆሮዬ ያልከኝን ለሁሉም ንገራቸው። ወንድምህ ‹ይሁን› አለ ወይስ ዝም አለ? እዚሁ፣ ዋንዛው ሥር፣ ሰው ሁሉ እየሰማህ መልስ!»